በሀዋ አፍ ያስጠየቅሁት ጥያቄ

የንስሐ አባቴ ይህን አያውቁም። ሚስቴም አታውቅም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከአባ ፊት እቀርብና የዓመቱን ኃጢአቴን እዘረዝራለሁ፤ ሰው ማማቴን፣ ጾም ማፍረሴን፣ ተናድጄ መሳደቤን። እሳቸው ስግደት ያዝዙኛል፣ እኔም ሰግጄ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ይህችኛዋን ግን አንድም ቀን ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። ጉሮሮዬ ድረስ ትመጣና ትመለሳለች። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ ናችሁ። ምን እንደምታዝዙኝ አላውቅም፤ ብታዝዙኝም መፈጸሜን እጠራጠራለሁ።

መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ጋሽ መኮንን ይሉኛል። ጸጉሬ የሸበተው ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። አስተማሪነቴ እንዲህ ነው፦ እገባለሁ፣ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በጠመኔ እሞላለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ የጻፍኩትን አነብላቸዋለሁ፣ ደወል ይደወላል። የእጅ ጽሑፌ ግን ውብ ነው፤ ይህን ጠላቴም አይክደኝም። የዘንድሮው ተማሪ ደብተር ከታላቅ ወንድሙ ደብተር ጋር ቢተያይ ልዩነት አይገኝበትም፤ ጋሽ መኮንን የት ላይ እንደሚያስል እንኳ እናውቃለን እያሉ እንደሚቀልዱብኝ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። በእኔ ክፍለ ጊዜ የሚሰማው የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እኔም ያንን ዝምታ አክብሮት ነው ብዬ ስኮራበት ኖርኩ።

ሲሳይ አዲስ መምህር ሆኖ የመጣው ከአጅባር ነው። ቀጭን ልጅ ነው፤ ነጩ ጋዋን ይሰፋዋል፣ ሲናገር እጆቹ አያርፉም። የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ስለነበርኩ ክፍሎቹን የደለደልኩለት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ከእርስዎ ብዙ እማራለሁ» አለኝ። የምር ወደድኩት። ምሳ ጋበዝኩት፣ ቤት ፈለግሁለት፣ ከሚስቴ ጋር አስተዋወቅሁት። ይህን የምነግራችሁ ደግ ነበርኩ ለማለት አይደለም። ከእኔ በታች እስከነበረ ድረስ ብቻ እንደወደድኩት እንድታውቁት ነው።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ አዲስ የአለባበስ ደንብ አውጥቶ በሩ ላይ ለጠፈ። ሙሉ ዩኒፎርም ያልለበሰ፣ ሸበጥ ያደረገ፣ ጸጉሩን ያንጨፈረረ፣ ከተፈቀደው ቀለም ውጭ ሻሽ ያሰረች ከበር ይመለሳል የሚል ነው። ልጆቹ አጉረመረሙ። የእኛ አገር ልጅ ሲያጉረመርም እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ፊት ለፊት አይናገርም፣ ግድግዳ ተደግፎ ጫማውን ያያል። እኔ ደንቡን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገለበጥኳቸው። ሲሳይ ግን ወንበሮቹን ክብ አድርጎ አስደረደረና «ስለዚህ ደንብ አስተያየት አልፈልግም፤ ጥያቄ ብቻ ነው የምፈልገው» አላቸው።

በእሱ ክፍል ለጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሌላ ጥያቄ ነበር። አንዱ ለምን ሲል ሌላው ለማን ብሎ ይቀጥላል፤ እንዲህ እያለ አንድ ቦታ ይደርሳሉ። ከሁሉ በላይ ግን ዓይናፋሮቹን ያናገረበት መላ ነው ያስቀናኝ። እያንዳንዱ ጥያቄውን በቀኙ ለተቀመጠው ልጅ በጆሮው ይነግረዋል፤ ያ ልጅ ቆሞ በራሱ አፍ ይጠይቅለታል። ጥያቄው የማን እንደነበረ አይነገርም፤ አይጠየቅምም። የክፍሉ ሕግ ይህ ነው። ሌላም ሕግ ነበረው፤ መልሱን የምታውቀውን ጥያቄ አትጠይቅ፣ ሰው ለማሳጣት የሚጠየቅ ጥያቄ አይባልም፣ ክስ ነው የሚል። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ማንም ሳይነግረኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ከጎኑ ያለውን ክፍል ስለማስተምር ግድግዳው ያሰማኛል።

ግድግዳው ምን ምን አሰማኝ መሰላችሁ? «ዩኒፎርም የምንለብሰው እኩል ለመምሰል ነው ወይስ እኩል ለመሆን?» ሲሉ ሰማሁ። «እግሩ ላይ ሸበጥ ያደረገ ልጅ ጭንቅላቱም ሸበጥ ያደርጋል ወይ?» ብሎ አንዱ ሲጠይቅ ክፍሉ በሳቅ ሲናወጥ ሰማሁ። «መምህራንስ ጋዋን ካልለበሱ ከበር ይመለሳሉ ወይ?» አለች አንዲት ልጅ። ያን ጊዜ የእኔ ተማሪዎች ከደብተራቸው ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ የለበስኩት ያው የለመድኩት ቡናማ ኮት ነበር። ጋዋን ለብሼ አላውቅም ነበር። ጠመኔዬን ይዤ ፊቴን ወደ ሰሌዳው መለስኩ። ከኋላዬ የታፈነ ሳቅ ነበር። በማግሥቱ ጋዋን ፈልጌ ለበስኩ፤ ያ ደግሞ የባሰ አሳቃቸው።

ይባስ ብሎ ርዕሰ መምህሩ የልጆቹን ጥያቄዎች ሰምቶ የሸበጥ ጉዳይ ከደንቡ እንዲወጣ አደረገ። ባንዲራ ሲሰቀል ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት ሲሳይን ጠርቶ አመሰገነው። ጭብጨባው ረጅም ነበር። እኔም አጨበጨብኩ።  ስንት ዘመን አስተምሬ አንድ ሰው ባንዲራ ሥር ስሜን ጠርቶት ያውቃል? እያልኩ እጠይቅ ነበር። ይህ ትናንት የመጣ ልጅ ምን አደረገ? አስጠየቀ እንጂ ምን አስተማረ? ቅናት እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ምላስ እዚያው እዚያው ትሄዳለች። ምሳ ስበላ ሲሳይን አስባለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሲሳይን አስባለሁ። ሚስቴ ስለ ሰው ሠርግ ስታወራኝ እኔ የምሰማው የግድግዳውን ሳቅ ነው።

ይህን ሁሉ ግን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሀዋን ነው።

ያችን የእኩልነት ጥያቄ፣ ያችንም የጋዋን ጥያቄ ቆማ የጠየቀችው ሀዋ ይመር ነበረች። የራሷ ይሁኑ የጎረቤቷ አላውቅም፤ ድምፁ ግን የእሷ ነው። ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በፊተኛው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አንድ ቀን ተነሺና መልሽ ብያት ዝም ስትል፣ መልሱ እስኪመጣልሽ ቁሚ ብዬ ደወል እስኪደወል አቁሜያታለሁ። ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። ይህች ልጅ ባዶ ናት ብዬ ለራሴ ደመደምኩ። አሁን በሲሳይ ክፍል እንደ ምንጭ ውሃ ትፈስሳለች። ታዲያ ባዶው ማን ነበር? ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔው ራሴን ጠየቅሁ፣ መልሱንም አወቅሁት፣ አወቅሁትና ጠላኋት። አዎ፣ ልጅቱን ጠላኋት። የሰው ልጅ፣ የድሃ ልጅ፣ ምንም ያላደረገችኝን ልጅ። አፏን ለእሱ ስለከፈተች ጠላኋት።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ።

ትምህርት ቤታችን ተማሪ ስለሚበዛበት በፈረቃ ነው የሚሠራው፤ አሥረኞች ጠዋት፣ ዘጠነኞች ከሰዓት። እኔ ሁለቱንም ፈረቃ አስተምራለሁ። የሀዋ ታናሽ ሰዓዳ በዚያ ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በረድፎቹ መካከል ስመላለስ የሰዓዳ ሹራብ ክርን ላይ ዓይኔ አረፈ። ሰማያዊው ሹራብ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ያንን ጥቁር ክር ጠዋት ሀዋ ላይ አይቼዋለሁ። ሀዋ ረዘም ትላለች፣ እጅጌው ያጥራታል፤ ሰዓዳ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። በሌላ ቀን ፈረቃ ሲለወጥ ሆን ብዬ ተከተልኳቸው። ከመንገዱ ዳር ወፍጮ ቤት አለ፤ ሀዋ ከትምህርት ቤት፣ ሰዓዳ ከቤት ይመጡና ከግንቡ ጀርባ ይገናኛሉ። ሀዋ ሹራቡንና ጉርዱን በቀሚሷ ላይ ነው የምትለብሰው፤ አውልቃ ትሰጣታለች፣ የሻሿን ጫፍ በምራቋ አርጥባ የታናሿን ፊት ትጠርጋለች፣ ሰዓዳ ትሮጣለች። የጭነት መኪና ያነሳው አቧራ በመካከላችን ስለነበር አላዩኝም።

ደግ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ዝም ይል ነበር። የተሻለው ደግሞ አንድ ሹራብ ገዝቶ ማንም ሳያውቅ ያደርስላቸው ነበር። ደመወዜ ትንሽ ነው፣ ለአንድ ሹራብ ግን አያንስም። እኔ ምን አደረግሁ? ያየሁትን ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ ተጠቀምኩበት።

ተጠሪ እንደመሆኔ የመምህራንን ክፍል ገብቼ ማየት ግዴታዬ ነው። የሲሳይን ተራ አስቀድሜ ያዝኩ። ወደ ክፍሉ ስገባ ሲሳይ ፊቱ በራ፤ «ጋሼ፣ እዚህ የሚቀመጥ ሁሉ ይጠይቃል፤ እርስዎንም አንምርዎትም» አለና ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወንበር እንደሚፈልግ ሰው ሆኜ ዙሪያውን ተመለከትኩ፤ ውሸቴን ነው፣ ቦታዬን ከቤት መርጬ ነው የመጣሁት። ከሀዋ በስተግራ ወዳለው ክፍተት ሄድኩ። ሀዋ ፈጥና ጠጋ አለችና ወንበሩን በሻሿ ጫፍ ጠረገችልኝ። «ቲቸር፣ እዚህ ይቀመጡ» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለችኝ ልጅ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ልመለስ እችል ነበር። ያን ጊዜ እንኳ እችል ነበር።

ጥያቄው በየተራው እየዞረ መጣ። የኔ ተራ ሲደርስ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩ። ያዘጋጀሁት ጥያቄ «ሁለት ሰዎች አንድ ዩኒፎርም እየተፈራረቁ ቢለብሱ» ብሎ የሚጀምር ነበር። እዚያው ጆሮዋ ሥር ሆኜ ቀየርኩት። «ሁለት እህትማማቾች አንድ ዩኒፎርም እየተፈራረቁ ቢለብሱ ደንቡን አክብረዋል ወይስ በር ጠባቂውን አታልለዋል?» አልኳት። እህትማማቾች ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ያቺን ቃል የጨመርኳት እንዳትስት፣ እሷ መሆኗን እርግጠኛ እንድትሆን፣ እንዲወጋት ብዬ ነው።

ሀዋ ዞር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ የምትለምነኝ መሰለኝ። በዓይኗ ሌላ ይስጡኝ አለችኝ። እኔ ግን ቀስ ብዬ «የክፍሉ ሕግ ነው እኮ፣ ጠይቂ» አልኳት።

ተነሳች። አንዲት ቃል ሳትለውጥ ጠየቀች። ልትለውጠው ትችል ነበር፤ እህትማማቾችን ዘልላ ሰዎች ብትል ማንም አያውቅባትም። አላደረገችውም። የሰው ጥያቄ አደራ ነው ብሎ ያስተማራት ሲሳይ ነው፤ አደራውን በላች እንዳትባል እንደሰጠኋት አድርጋ አደረሰችው።  ከዚያ ከወዲያ ጥግ አንዱ ልጅ «ይህማ የነሀዋ ነው!» አለ። ከወፍጮ ቤቱ አካባቢ የሚኖር ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ሳቁ ከጥግ ተነስቶ ክቡን ዞረ።

ሲሳይ አልገባውም። ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። ልጆቹ በማን እንደሚስቁ ሳይገባው፣ እንደ ልማዱ እጁን ከፍ አድርጎ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ላይ ማን ይጠይቃል?» አለ። ጠየቁ። ልጆች ናቸው፣ ጥያቄ ተምረዋል፣ ሥጋ እንዳገኘ ሰው ተሻሙበት። «ዝናብ ያበሰበሰው ቀን ማንኛዋ ትቀራለች?» አለ አንዱ። «ላቡስ የማን ነው?» አለች ሌላዋ። ሲሳይ ሀዋን ሲያያት ነው የገባው፤ የዚያን ጊዜ ከፍ ያደረገውን እጁን አወረደ። እኔ? እኔ ወረቀቴ ላይ አቀርቅሬ የምልከታ ነጥብ እሰጥ ነበር።

ሀዋ ሹራቡን አወለቀች። ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ አንገቱን ወደ ላይ አድርጋ አጣጠፈችው። የምትቸኩል አትመስልም ነበር። ጉርዱንም ከቀሚሷ ላይ አውልቃ አጠፈችው። በቀሚሷ ብቻ ሆና ሁለቱን በክንዷ ይዛ ወጣች። ከሰዓት ሰዓዳ በሰዓቷ ደረሰች። ሹራቡ ላይ አንዲት የመጨማደድ ምልክት አልነበረም። ደብተሯን አውጥታ የጻፍኩትን መገልበጥ ጀመረች፤ ምንም አታውቅም ነበር። እኔም ሰሌዳውን ሞላሁት፣ አነበብኩት፣ በለመድኩበት ቦታ ላይ አሳልኩ።

ሀዋ ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣችም። ሁለቱም ልጆች መማር አለባቸው ብለው ወላጆቻቸው እያፈራረቁ ያኖሩት አንድ ልብስ አሁን ለአንዷ ብቻ ሆነ፤ ታላቅየዋ ለታናሿ ለቀቀችላት። ወሬው ከተማውን ሲዞር ደግሞ ጥያቄው ተረስቶ፣ ከአጅባር የመጣው መምህር የድሃ ልጅ አቁሞ ያሳጣል የሚል ብቻ ቀረ። ገበያ ውስጥ ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔም ከእነሱ ጋር ከንፈሬን መጠጥኩ።

አባቷ ጋሽ ይመር ልጁን ይዞ መጣ። ከከተማው ዳር ጥቂት መሬት የሚያርስ፣ ገበያ ሲቆም ሸክም የሚሸከም ሰው ነው። ወላጆችና መምህራን ተሰብስበው፣ አንድ ሽማግሌ በዱዓ፣ አንድ ቄስ በጸሎት ስብሰባውን ከፈቱልን። ከዚያ ጋሽ ይመር ተነሳ። ይጮሃል ብለን ስንጠብቅ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ወላሂ እኔ ልጄን ልትማር ነው የላክኋት፤ ልትታይ አልላክኋትም። አንድ ልብስ መሆኑ ነውር ከሆነ ነውሩ የኔ ነው፤ እኔን ትጠሩኝ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ሀዋ ዞሮ «ማን ነው ጠይቂ ያለሽ? ተናገሪ» አላት።

ሀዋ ቀና ብላ እኔን አየች። ጣቷን አልቀሰረችም። አየችኝ ብቻ፤ እርስዎ ይናገሩ እያለችኝ ነበር። ርዕሰ መምህሩ እኔን ማየቷን ለሌላ ነገር ወስዶት «ጋሽ መኮንን፣ እርስዎ በክፍሉ ነበሩ፤ እስቲ ምን አዩ?» አለኝ። በሩን በትልቁ ከፈተልኝ። ጥያቄው የኔ ነው፤ ይህችን ብቻ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ተነስቼ ኮቴን አስተካክዬ «እኔ ይህ ዘዴ ለእኛ ልጆች እንደማይሆን አስቀድሜ ሰግቼ ነበር፤ መምህር ሲሳይ ልጅ ነው፣ በቅንነት ነው ያደረገው፣ ምሕረት እንድናደርግለት እለምናለሁ» አልኩ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው አሉ። ምሕረት ለመንኩለት! የገፋሁትን ሰው ከወደቀበት ላነሳው እጄን ዘረጋሁለት፤ ሰውም አመሰገነኝ።

ሀዋ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳችና ወደ ወለሉ አየች። ዘጠነኛ ክፍል አቁሜያት ሳለ መሬቱን ታይ እንደነበረው። ከዚያ በኋላ አባቷ ደጋግሞ ቢጠይቃትም አልተነፈሰችም። ሲሳይ ተነሳና «ክፍሉ የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው፤ እሷን አትጠይቋት» አለ። ክብ መቀመጥ በዚያው ተከለከለ። ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ጠይቆ አጅባር ገባ። የሱ ክፍሎች ለኔ ተሰጡኝ፤ ወንበሮቹን ወደ ረድፋቸው ያስመለስኩት ራሴ ነኝ።

ታዲያ አሸነፍኩ? ያሰብኩት ሆነልኝ? ሆነ። ግድግዳው ጸጥ አለ። የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሰዓዳን ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ በዚያ ሹራብ አየኋት፤ ሲያጥራት የእጅጌው ጥቅል ተፈታ፣ ከዚያም ከአንጓዋ በላይ ወጣ። ጥቁሩ ክር ሲበጠስ በሌላ ክር ተሰፋ። በእያንዳንዱ ፈተና የማይገባትን ነጥብ ጨመርኩላት። ይህንንም እንደ ካሣ ቆጥሬው ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ከእህቷ የሰረቅሁትን ለእሷ በሽራፊ መክፈል ምን ይባላል?

ሀዋ እዚሁ ናት። አግብታለች፣ ወልዳለች፣ በገበያ ቀን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይዛ ትቀመጣለች። ሳልፍ «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ሁሉ ሰላም?» ትለኛለች፤ እንደ ደንቡ ብድግ ብላ። ፌዝ የለበትም፣ ቂምም አላየሁበትም። አንድ ጊዜ ስትሰድበኝ አልሜ ደስ ብሎኝ ነቃሁ። አሁን በዚያ በኩል አላልፍም፤ በእንስሳት ተራ ዞሬ ነው የምሄደው።

ይህን ለመጻፍ ያስገደደኝ ግን እሷ አይደለችም። ባለፈው ክረምት ከየወረዳው መምህራን ለሥልጠና መካነ ሰላም ሲመጡ ከማሻ፣ ከአጅባር የመጡትም ነበሩ። ሲሳይን ሳየው አላወቅሁትም፤ ወፍሯል፣ እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። አቅፎ ሳመኝ። ሻይ ቤት ገባን። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ወስኜ ነው የተቀመጥኩት፤ ምላሴ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ።

እሱ ቀደመኝ። አሁን ኖት ብቻ እንደሚያስጽፍ ነገረኝ። ገብቶ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይወጣል። «እርስዎ ትክክል ነበሩ ጋሼ፤ እንዲህ ሲሆን ቢያንስ ማንም አይጎዳም» አለኝ። ከዚያ ስለ ሀዋ ጠየቀኝ። ነገርኩት። የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ እንዲህ አለኝ፦ «ያ ጥያቄ የማን እንደነበረ አልጠየቅኋትም፤ ሕጉ ነበራ። ግን ሳስበው ሳስበው የራሷ ይመስለኛል። ችግሯን በሌላ መንገድ መንገር ስላልቻለች በጥያቄ ነገረችኝ። እርዳታ እየለመነችኝ ነበር ጋሼ፤ እኔ ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ነው አልኳት።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አይመስልዎትም?» አለኝ።

ምን እንደተሰማኝ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሌላውን ሁሉ ነግሬያችሁ ይህችን ብደብቅ የጻፍኩት ሁሉ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እንደኔ መምህር ሆኗል፤ እሱም ሰሌዳ ይሞላል። ቀጥሎ ደግሞ ያው የድሮው ቅናት መጣ፤ እኔ በክፋት የወረወርኩትን ጥያቄ እሱ ዓመታት ሙሉ ተሸክሞ በውስጡ የልጅ ለቅሶ ሰማበት። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ የአንድም ልጅ ጥያቄ እንደዚያ ሰምቼ አላውቅም። ጸጸት የመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው፤ እሱም ዘግይቶ፣ በዳር በኩል።

ሲሳይ መልሴን እየጠበቀ ነበር። «ሊሆን ይችላል» አልኩት።

ሻዩን ከፍዬ ወጣን።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን በደልኳችሁና? ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ በገበያ ቀን ከቤቴ ትንሽ ወረድ ብላ ትቀመጣለች። ሁለተኛው አጅባር ነው፤ መንገዱ ቢከፋም መኪና አይጠፋም። ስልኩም አለኝ። የጻፍኩት ግን ለእናንተ ነው፤ እናንተ እንደ ሀዋ ቆማችሁ አታዩኝም።